ደጅ ጥናትና የብቻ ካርታ፦ ከኤረር በር እስከ ቢሮው መስኮት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ሐረር ምሥራቃዊ በር ላይ ደረሰ። ከዘይላ ተነሥቶ የሱማሌን ምድር ሲያቋርጥ አብዛኛውን መንገድ የመጣው የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ከተማዋ አጠገብ ሲደርስ ግን ማንነቱን መግለጥ ይሻላል ብሎ ወሰነ፤ ከኤደን የመጣሁ እንግሊዛዊ መልእክተኛ ነኝ አለ። ዘበኛው ወሬውን ይዞ ወደ አሚሩ ሄደ። በርተን ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። አላፊ አግዳሚው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ቆሞ አየው፤ ተሳለቀበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግባ ተባለ።

በሩ ዛሬም አለ። በአማርኛ ኤረር በር፣ በሐረሪዎች ቋንቋ አርጎብ በሪ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሚር ኑር ባሠሩት የጀጎል ግንብ ላይ ከሚገኙት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ከኤረር በኩል የሚመጣው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን ይዞ የሚገናኘው እዚሁ ነው። በርተን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚለው በሮቹ ቀን ቀን በጥብቅ ይጠበቃሉ፤ ሲመሽ ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ማንም ከከተማዋ መውጣት አይችልም።

ይህን ታሪክ ከኮምፒውተር ጨዋታ ጋር ምን ያገናኘዋል? አንድ ቃል ያገናኘዋል፤ ትዕግሥት። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ከተጫወታቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱ፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ «ሶሊቴር» ወይም በቀላሉ «ካርታ» ብሎ የሚያውቀው፣ የቀድሞ ስሙ «ትዕግሥት» ነበር። ይህ ጨዋታ በመሥሪያ ቤት ስክሪን ላይ ሲገለጥ፣ ከመስኮቱ ወዲህ የቆመው ባለጉዳይም በራሱ መንገድ ያንኑ ጨዋታ ይጫወታል። አማርኛ ለዚህኛው የቆየ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት።

*ደጅ የሚጠናበት አገር*

ደጅ መጥናት በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ተራ ነገር አልነበረም። ሹመት የፈለገ፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የተጓደለበት፣ ሁሉም በጌታው ወይም በንጉሡ ደጅ ይሰነብት ነበር። ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚቆይ ነበር። በየማለዳው ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ዓይን እስኪገባ ይጠብቃል። የደጅ ጠኚው ትልቁ ችግር የጉዳዩ ክብደት አልነበረም። ጉዳዩ የት ደረሰ፣ ማን ያዘው፣ መቼ ይታያል የሚለውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሁሉም ነገር ከበሩ በስተጀርባ ነው።

ኤረር በር ላይ የተቀመጠው በርተንም የገጠመው ይኸው ነው። አሚር አሕመድ ምን እያሰቡ እንደሆነ አያውቅም። ሊቀበሉትም ሊያስሩትም ይችላሉ። የገባ እንግዳ ደግሞ ለመውጣትም ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። በርተን ሐረር ውስጥ የቆየው ዐሥር ቀን ያህል ሲሆን፣ ከእነዚህ ቀናት ብዙዎቹን ያሳለፈው ልሂድ የሚልበትን ፈቃድ በመጠበቅ ነው።

*የአደባባይ ጨዋታ*

የኢትዮጵያ ነባር ጨዋታዎች ሁለት ሰውና ተመልካች ይፈልጋሉ። ገበጣ በመሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድም ሆነ በተጠረበ እንጨት ላይ ሲጫወቱት ዙሪያውን የሚቆም ሰው አይጠፋም፤ ጠጠሩን የሚቆጥረው ተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያው ሰንጠረዥ መክፈቻ ላይ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ይህን የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በዝርዝር ጽፈውታል። አፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥታቸው ከነበረ አንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ ተመዝግቧል። የኚሁ ንጉሥ ታላቅ ባላጋራ ኢማም አሕመድ መነሻቸው ሐረር ነበረች፤ ከእሳቸው በኋላ ከተማዋን በግንብ ያጠሯት ደግሞ አሚር ኑር ናቸው።

የሐረር ቤት አሠራር ራሱ ሰው ብቻውን እንዲቀመጥ አልታሰበም። ባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጡ አምስት መደብ አለው፤ «ነደባ» ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜ፣ በማዕረግና በቅርበት ይለያል። የገባው ሁሉ ሌላውን ያያል፤ በሌላውም ይታያል። ኀዘንና ደስታ በአፎቻ ነው። የከሰዓት በኋላ በርጫም ቢሆን የጋራ ነው። ካርታ ሲወጣ የሚታደለው ለአራትና ለአምስት ሰው ነው፤ የቀረው ከጀርባ ቆሞ «እሱን አትጣል!» እያለ ይፈርዳል።

እንዲህ ባለ አገር ብቻ የሚጫወቱት ካርታ እንግዳ ነው። ካርታው ራሱ ግን የመጣው ከሩቅ አልነበረም።

*ካርታው የመጣበት መንገድ*

የመጫወቻ ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የገባበትም አንዱ ዋና መንገድ የማምሉኮች ግብፅ ነበረች። ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መዘክር የተቀመጠው የማምሉክ ካርታ አራት ወገን አለው፦ ዋንጫ፣ የወርቅ ገንዘብ፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ። ሥዕለ ሰው የለበትም፤ ማዕረጉ በጽሑፍ ነው የሚለየው፦ ንጉሥ፣ ናኢብ፣ ሁለተኛ ናኢብ። እስፓኞች ካርታን እስከ ዛሬ «ናይፔስ» የሚሉት ከዚሁ «ናኢብ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል። ቃሉ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በኦቶማኖች ስም ምጽዋንና ሕርጊጎን ይገዙ የነበሩት ሹማምንት መጠሪያቸው ናኢብ ነበር።

ዛሬ የሚታወቁት አራት ምልክቶች፣ ልብ፣ ዳይመንድ፣ ክለብና ስፔድ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከፈረንሳይ የተስፋፉ ናቸው። ካርታን ብቻ የመጫወት ነገር በጽሑፍ የሚገኘው ደግሞ ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በጀርመንና በስካንዲኔቪያ አገሮች ነው። ፈረንሳዮችም እንግሊዞችም «ፔሸንስ»፣ ማለትም ትዕግሥት አሉት። አሜሪካኖች «ሶሊቴር»፣ ብቸኛው ብለው ሰየሙት።

በኮምፒውተር ላይ የታወቀው ዓይነት ትክክለኛ ስሙ ክሎንዳይክ ነው። ክሎንዳይክ በካናዳ ዩኮን ግዛት የሚገኝ አካባቢ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1896፣ ከአድዋ ድል አምስት ወር በኋላ፣ ወርቅ የተገኘበት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወርቅ ፍለጋ ወደዚያ ጎረፈ። ከተጓዘው ውስጥ ወርቅ ያገኘው ጥቂት ነው። ብዙው የተረፈው ብርድና ረጅም የክረምት ሌሊት ነበር። ለጨዋታው ይህ ስም መሰጠቱ አያስገርምም፤ ብዙ ተቆፍሮ ጥቂት የሚገኝበት ጨዋታ ነውና።

*ተለማማጁ የጻፈው ጨዋታ*

እ.ኤ.አ. በ1988 ዌስ ቼሪ የተባለ ወጣት በማይክሮሶፍት ተለማማጅ ሠራተኛ ሳለ የክሎንዳይክን ጨዋታ ለዊንዶውስ ጻፈ። የካርታዎቹን ሥዕል የሠራችው ሱዛን ኬር ናት፤ ከዚያ ቀደም ለአፕል ማኪንቶሽ የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች የሣለች ባለሙያ። ጨዋታው በሜይ 22 ቀን 1990 ከወጣው ዊንዶውስ 3.0 ጋር ለዓለም ተሠራጨ። ቼሪ ከዚህ ሁሉ ሥርጭት የድርሻ ክፍያ አላገኘም።

ጨዋታው ለምን ከዊንዶውስ ጋር ተካተተ? በሰፊው የሚሰጠው ምክንያት ማውስ ማስተማር ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን ለሕዝብ ያሳየው በዲሴምበር 1968 ቢሆንም፣ በ1990 አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ የሚያውቀው የፊደል ሰሌዳ ብቻ ነበር። ትእዛዝ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ማሽኑ ይመልሳል። አሁን ግን በእጅ የሚገፋ ዕቃ መጣ፤ በስክሪኑ ላይ ቀስት ይንቀሳቀሳል፤ ጠቅ ማድረግ፣ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ፣ ይዞ መጎተትና መልቀቅ መለመድ ነበረበት። ካርታን ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ይዞ መጎተት ፋይልን ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ከመጎተት አይለይም። ትምህርት ሳይመስል ያስተምራል።

በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በየከተማው የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ፤ «ዊንዶውስ፣ ወርድ፣ ኤክሴል» የሚል ሰሌዳ ከፎቶ ኮፒ ቤቶች ጎን ተሰቀለ። በታይፕራይተር ፊደል ሲመታ የኖረ ታይፒስት የፊደል ሰሌዳውን አይፈራም፤ የሚያስቸግረው ማውሱ ነው። ቀስቱ ይሸሻል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ማሽኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ ካርታውን ክፈትና ተጫወት። ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ክፍያ አይጠይቅም፤ ቋንቋም ብዙ አይጠይቅም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር ላይ ለመጻፍ ልዩ ልዩ የማይጣጣሙ ፕሮግራሞች ያስፈልጉ ነበር። ቀይ ልብና ጥቁር ስፔድ ግን ትርጉም አያሻቸውም።

*አጨዋወቱ*

ሕጉ አጭር ነው። ካርታው 52 ነው። ተበውዞ በሰባት ዓምድ ይደረደራል፦ በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ሰባት። በድምሩ 28 ካርታ ማለት ነው። በየዓምዱ የመጨረሻው ብቻ ይገለጣል፤ ስለዚህ 21ዱ ፊታቸውን ደፍተው ነው የሚጀምሩት። የቀሩት 24 ካርታዎች በላይኛው ጥግ ይከመራሉ።

የጨዋታው ግብ አራቱን ወገኖች ከአስ ጀምሮ እስከ ንጉሥ በቅደም ተከተል ወደ ላይኞቹ አራት ቦታዎች ማውጣት ነው። በዓምዶቹ ላይ ደግሞ የሚሠራው በተቃራኒው፣ ወደ ታች እየቀነሰ ነው፤ ቀለምም ይፈራረቃል። በጥቁር ስምንት ላይ ቀይ ሰባት ይቀመጣል፤ በቀይ ሰባት ላይ ጥቁር ስድስት። ዓምድ ባዶ ከሆነ በቦታው መግባት የሚችለው ንጉሥ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀስ ሲጠፋ ከክምሩ ይሳባል፤ እንደ ምርጫው አንድ አንድ ወይም ሦስት ሦስት። ሦስት ሲሳብ መጠቀም የሚቻለው ከላይ ባለው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ልምድ ያለው ተጫዋች ጥቂት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ ከክምሩ ከመሳብ በፊት የተደፉትን መግለጥ ይቀድማል፤ ብዙ የተደፋበት ዓምድ ደግሞ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ ንጉሥ ሳይዙ ዓምድ ባዶ ማድረግ ጥቅም የለውም፤ ቦታው ተዘግቶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ያገኙትን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ መስቀል ያስቸግራል፤ ቀይ አምስት ወደ ላይ ከወጣ፣ ጥቁር አራት የሚያርፍበት ሊያጣ ይችላል። አራተኛ፣ ሁለት አማራጭ ሲኖር የተደፋ ካርታ የሚገልጠው ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሽንፈት አይቀርም። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ሦስት ሦስት በሚሳብበት ዓይነት፣ ተጫዋቹ የተደፉትን ካርታዎች ሁሉ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ከመቶው 82 ያህሉ ጨዋታ ሊፈታ ይችል እንደነበር አስልተዋል። ካርታዎቹን ማየት የማይችለው ተራ ተጫዋች የሚያሸንፈው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ብዙ ጨዋታ የሚጠፋው መፍትሔ ስለሌለው አይደለም፤ መፍትሔው ተደፍቶ ስለተቀመጠ ነው።

*ካርታ ለማውጣት የመጣ፣ ካርታ የሚጫወት*

አማርኛ ለሦስት ነገር አንድ ቃል ይሰጣል። የምድር ሥዕል ካርታ ነው፤ መጫወቻው ካርታ ነው፤ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫውም ካርታ ነው። ስለዚህ ቀልዱ ራሱን በራሱ ሠርቷል፦ ባለጉዳዩ ካርታ ለማውጣት መጥቶ ይሰለፋል፤ ባለሙያው ካርታ ይጫወታል። ይህን ቀልድ ያልሰማ የከተማ ነዋሪ ጥቂት ነው።

በቢሮ መጫወት የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ አንድ የከተማ አስተዳደሩን ቢሮ ሲጎበኙ በአንድ ሠራተኛ ስክሪን ላይ ይህንኑ ጨዋታ አይተው ሠራተኛው እንዲሰናበት አደረጉ። ውሳኔው ክርክር አስነሣ። ገሚሱ ትክክል ነው አለ፤ ገሚሱ ቡና ከመጠጣት በምን ይለያል አለ።

ክርክሩ በኢትዮጵያ ቢነሣ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበት ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚጫወተው ለምንድን ነው? ስንፍና አንዱ መልስ ነው፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። ብዙ ጊዜ ፋይሉን መርምሮ የጨረሰ ባለሙያ መፈረም አይችልም፤ የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው ቢገኝ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ቢመጣ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው ወንበሩን ለቆ መሄድ አይችልም፤ የሚሠራውም ነገር የለውም። ስለዚህ ሰባት ዓምድ ይደረድራል። ከመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ሁለት ሰዎች ይጠብቃሉ፤ አንዱ ቆሞ፣ ሌላው ተቀምጦ። ሁለቱም ደጅ ጠኚዎች ናቸው። የሚለያዩት አንዱ ደመወዝ ስለሚከፈለው፣ ሌላው የቀን ገቢው ስለሚቃጠልበት ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ከተማ የመጣ ገበሬ «ነገ ተመለስ» ሲባል ትራንስፖርት ይከፍላል፤ ምናልባትም ያድራል፤ የእርሻ ቀኑን ያጣል። በሦስተኛው ምልልስ ላይ ጉዳይ አስፈጻሚ ፈልጎ ገንዘብ ቢሰጥ የሚገርም አይሆንም። ጉቦ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከክፋት በፊት ከመጠበቅ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው፣ ቁልፉን አውቃለሁ ላለው ሁሉ ይከፍላል።

ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ ማጥፋት ቀላሉ እርምጃ ነው። ዛሬ ግን ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ አለ። ካርታው ቢጠፋ ቴሌግራም አለ፤ ቲክቶክ አለ። የሚጫወተው ይለወጣል እንጂ የሚጠብቀው አይቀንስም።

*ኔትወርክ ሲጠፋ የቀረው*

ለጨዋታው አንድ ምስጋና ይገባዋል። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ2020 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ፣ በማሽኑ ውስጥ የነበረው አሮጌ ካርታ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሠራ ነበር። ያ ዓይነቱ ነገር እየቀረ ነው። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ጨዋታውን ከማሽኑ አውጥቶ ከኢንተርኔት የሚወርድ አደረገው። በ2015 በዊንዶውስ 10 ሲመለስ ማስታወቂያ ይዞ መጣ፤ ማስታወቂያውን ማየት የማይፈልግ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በዶላር እንዲከፍል ተጠየቀ። ኩባንያው በ2020 እንዳስታወቀው ጨዋታውን በወር 35 ሚሊዮን ሰው ይጫወተዋል፤ በቀን ከ100 ሚሊዮን በላይ ዙር ይደረጋል። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ሮቼስተር የሚገኘው ቤተ መዘክር ጨዋታውን ከታላላቅ የቪዲዮ ጨዋታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ማውስ ሊያስተምር ነጻ የመጣው ካርታ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በር ተሠራለት፤ በሩ ላይም ቀራጭ ቆመ። የኤረር በር ነጋዴ ይህን ታሪክ ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

*የተደፋና የተገለጠ*

ከሶሊቴር ጋር በዊንዶውስ 95 ውስጥ የመጣ ሌላ የብቻ ካርታ ነበር፤ ፍሪሴል ይባላል። አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። በፍሪሴል 52ቱም ካርታዎች ከመጀመሪያው ተገልጠው ነው የሚደረደሩት። ምንም የተደፋ የለም። አራት ባዶ ማሳረፊያዎችም ይሰጣሉ። በመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ፍሪሴል ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸው 32,000 ድርድሮች ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በበጎ ፈቃደኞች ተከፋፍለው ሁሉንም ሞከሯቸው። ሳይፈታ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥር 11,982።

ሁለቱ ጨዋታዎች ሕጋቸው ስለሚለያይ በቀጥታ አይነጻጸሩም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያሉ። ካርታው ሲገለጥ ተጫዋቹ ያቅዳል፤ ቢሸነፍ እንኳ የት እንደተሳሳተ ያውቃል። ካርታው ሲደፋ ይገምታል፤ ሲሸነፍም ዕድሌ ነው ይላል።

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰነድ የተዘጋጀው ካርታውን ለመግለጥ ነው፦ የትኛው አገልግሎት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ክፍያ፣ ምን ምን ማስረጃ ሲቀርብ እንደሚሰጥ በግልጽ እንዲጻፍ። በብዙ ቦታ ሰነዱ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ችግሩ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የተጻፈ ነገር አለመኖሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ብዙ መስኮቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር የማምጣት ሙከራ ነው። ስሙ ጥሩ ነው፤ መሶብ ዙሪያውን ተቀምጠው የሚበሉበት፣ መካከሉን ሁሉም የሚያየው ነው። የሚመዘነው ግን በሕንፃው ውበት አይሆንም። ባለጉዳዩ ፋይሉ ዛሬ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሳይለማመጥ ማወቅ ከቻለ ሠርቷል፤ ካልቻለ ደጁ ተለወጠ እንጂ ደጅ ጥናቱ አልቀረም።

ማሽኑን ማምጣት ብቻውን ይህን አያደርግም። ሠላሳ ዓመት ያህል ኮምፒውተር ወደየቢሮው ሲገባ፣ ብዙ ቦታ የገባው በወረቀቱ ላይ ተጨምሮ ነው። ፋይሉ በእጅ ይጻፋል፤ ከዚያ በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ ከዚያ ታትሞ በእጅ ይፈረማል። ማውሱን ሁሉም ለመደ፤ ጨዋታው ትምህርቱን አስተምሯል። ፋይልን ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው መጎተት የሰከንድ ሥራ ሆነ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ማሻገር ግን አሁንም ሳምንት ይፈጃል። ያን የሚያዘገየው እጅ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ ውሳኔው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ፊርማ ይወጣልና። ልክ እንደ አሮጌው ሐረር፣ ሲመሽ ቁልፉ ሁሉ ወደ አሚሩ ይሄዳል።

አሚሩ ቁልፍ የሚሰበስቡበት ምክንያት ነበራቸው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋ ስጋት ነበር፤ በር ጠላትን ያስቀራል። ዛሬ የሐረር በሮች ሌሊትም አይዘጉም፤ ጀጎልም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ማንም በኤረር በር ሲገባ ማንነቱን አይጠየቅም። ጫት የያዘችው ሴት ትገባለች፤ ተማሪው ይወጣል፤ ባጃጁ ከደጃፉ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ከግንቡ ሥር የሚቀመጥ ቢኖር ጥላ ፈልጎ ነው።

በግንቡ ላይ ያለው በር ከተከፈተ ቆየ። ያልተከፈተው የቢሮው መስኮት ነው። በዚያ መስኮት ወዲያ ሰባት ዓምድ ተደርድሯል፤ 21 ካርታ ተደፍቷል። ሠራተኛው ቀይ ሰባቱን በጥቁር ስምንት ላይ ያሳርፋል። ወዲህ ያለው ባለጉዳይ ሰዓቱን ያያል። ጨዋታውን «ትዕግሥት» ብለው የሰየሙት ሰዎች ስሙን ለተጫዋቹ አስበውት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ትዕግሥቱን ከኪሱ የሚከፍለው ከመስኮቱ ወዲህ የቆመው ነው፤ ካርታውን መግለጥ ያለበት ደግሞ ከሠራተኛውም በላይ የተቀመጠው፣ ቁልፉን የያዘው ነው።